የሁለት ዘመን መጋጠሚያ፦ የውሃ ቧንቧ ታሪክ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ የተስተካከለ)



በአገራችን የውሃ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ምረቃ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓመታት ከእንጦጦ ሥር ወደ ቤተ መንግሥታቸው ውሃ በቧንቧ ማስገባታቸው፣ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በሥራው መሳተፉ፣ ሽቅብ የወጣው ውሃ ሕዝቡን አስደንቆ አዝማሪ ማስገጠሙ በየመጽሐፉ ይተረካል። ቀጥሎ በ1930ዎቹ የተሠራው የገፈርሳ ግድብ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተጠናቀቀው የለገዳዲ ግድብ ይመጣሉ። ይህ ታሪክ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሪባኑ በተቆረጠበት ዕለት ይቆማል። የውሃው ሥራ ደግሞ የሚጀምረው ከዚያ ዕለት በኋላ ነው። ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ውሃው አለ ወይስ የለም? ከሌለስ የት ላይ ተቋረጠ? የምረቃ ታሪክ ለዚህ መልስ የለውም።

እኔ ዛሬ የምናገረው ከእጅ መዳፍ ስለማይበልጥ ዕቃ ነው፤ ሁለት የተለያየ ባሕርይ ያላቸው ቧንቧዎች ስለሚያያዙበት መጋጠሚያ። ልከራከርለት የመጣሁትን ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር፦ በምዕራብ ጎጃም ገጠር የአንድን የውሃ ተቋም ዕድሜ የሚወስነው የመጋጠሚያውን ዕውቀትና ዕቃ በእጁ የያዘው ሰው ነው። ቧንቧውን የሰጠውን ወገን ስም በሰሌዳ ላይ ጽፈናል፤ የገጠመውን ሰው ግን መዝግበን አናውቅም።

ስለ ቃሉና ስለ ሙያው ቋንቋ

«ገጠመ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ሥራ አለው። አናጢ ሳንቃን ከሳንቃ ይገጥማል፤ ገጣሚም ቃልን ከቃል ይገጥማል። የቅኔ አገር በሆነው በጎጃም ይህ ዝምድና ማብራሪያ አያሻውም። ቤት ያልመታ ግጥም ጆሮን እንደሚጎረብጥ፣ ልኩ ያልመጣ መጋጠሚያም ያንጠባጥባል።

የምዕራብ ጎጃም ገበሬ የተለያዩ ቁሶችን ማጋጠም የጀመረው ቧንቧ ከመምጣቱ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። የሚያርስበትን ዕቃ ተመልከቱ። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ድግሩና እርፉ እንጨት ናቸው፤ ማረሻውና ወገሉ ብረት ናቸው፤ ምራኑ ደግሞ ቆዳ ነው። ገበሬው ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር በሚስማር አይቸነክረውም። ቢቸነክረው በሬዎቹ ትልም ጨርሰው በዞሩ ቁጥር እንጨቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚለጠጥና የሚታጠፍ ምራን ያስገባል። ይህን ምሳሌ ያዙልኝ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

የቧንቧ ሙያ ቋንቋም ራሱን የቻለ የታሪክ ሰነድ ነው። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ወደ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ግቡና የሚነገረውን ቃል አዳምጡ። «ብሎን»፣ «ዳዶ»፣ «ጎማ»ና «ኮላ» ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። «ኒፕል»፣ «ኤልቦ»፣ «ሶኬት»ና «ዩኒየን» ከእንግሊዝኛ የገቡ ናቸው። «ጥርስ»፣ «ቃጫ»፣ «ወንዴ»ና «ሴቴ» የራሳችን ናቸው። ልኩም እንዲሁ የተደባለቀ ነው፤ የብረቱ ቧንቧ በኢንች ይጠራል፣ የፕላስቲኩ በሚሊሜትር። አንድ ቧንቧ ሠራተኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሦስት ቋንቋ ቃልና የሁለት ሥርዓት ልኬት ያጋጥማል። ይህን ድብልቅ ያመጣው ታሪክ መሬት ውስጥ ባለው ቧንቧ ላይም በግልጽ ይታያል።

የብረቱ ዘመን

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ቡሬ ከመንገዱ በፊትም የታወቀች የንግድ ቦታ ነበረች፤ በዓባይ ማዶ ካለው አገር ጋር የሚነግዱ ሲራራ ነጋዴዎች ይገናኙባት ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጦር ምሽግ ሆነች፤ ጣሊያኖች ከዚያ የለቀቁት በ1933 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም ደግሞ ቀድሞ ወጀት ትባል እንደነበርና የዛሬውን ስሟን ከንጉሠ ነገሥቱ መመለስ ጋር በተያያዘ እንዳገኘች በአካባቢው ይተረካል። ለእኔ ጉዳይ ዋናው ነገር መንገዱ ነው። ብረት ቧንቧ ከባድ ነው፤ መኪና በማይደርስበት ቦታ አይደርስም። በመሆኑም በቧንቧ የመጣው ውሃ በመጀመሪያ የመንገድ ዳር ከተማ ሰው ዕድል ሆነ።

ያን ጊዜ የነበረው ቧንቧ ዚንክ የተለበሰ ብረት ነው። የአንዱ ዘንግ ርዝመት 6 ሜትር ሲሆን፣ የ2 ኢንቹ አንድ ዘንግ ወደ 30 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የሚያያዘው ጫፉ ላይ በሚወጣ ጥርስ ነው። የጥርሱ ልክ የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የጆሴፍ ዊትዎርዝ ውርስ ነው። ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 የብሎን ጥርስ ሁሉ ማዕዘን 55 ዲግሪ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ በኋላም የቧንቧ ጥርስ በዚያው ተመሠረተ፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም ተቀበለው። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሆና በማታውቅ አገር፣ በቡሬ ገጠር ያለ ቧንቧ በእንግሊዝ ጥርስ ይነክሳል። ከ1 ኢንች እስከ 2 ኢንች ባለው ቧንቧ ላይ በእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት 11 ጥርስ ይቆጠራል፤ ጫፉም በ16 ላይ 1 ሾጠጥ ይላል፤ ሲጠመዘዝ እየጠበቀ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። የቀረችውን ክፍተት ቃጫና ቀለም ይሞሏታል። ዛሬ የቃጫውን ቦታ በከፊል የወሰደው ነጩ የቴፍሎን ጥብጣብ ነው፤ ቴፍሎን ራሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው።

የብረቱ ዘመን አንድ በጎ ነገር ነበረው፦ ሁሉም ቧንቧ አንድ ዓይነት ነበረ። አንድ ጥርስ ማውጫ፣ አንድ መፍቻና ጥቂት ቃጫ ያለው ሰው መስመሩን ሁሉ መጠገን ይችል ነበር። ጉድለቱም መጋጠሚያው ላይ ነው። ጥርስ ሲወጣ የዚንኩ ልባስ አብሮ ይነሣል፤ ስለዚህ ዝገት ቀድሞ የሚጀምረው ጥርሱ ላይ ነው። በ3 ኪሎ ሜትር የብረት መስመር ላይ ወደ 500 የሚጠጋ መጋጠሚያ አለ፤ 500 የዝገት በር ማለት ነው።

የፕላስቲኩ መምጣት

የፕላስቲክ ቧንቧ ታሪክ የሚጀምረው በአውሮፓ ቤተ ሙከራዎች ነው። ፒቪሲ የሚባለውን ነጭ ዱቄት ጀርመናዊው ኬሚስት ኦይገን ባውማን እ.ኤ.አ. በ1872 ተመለከተው፤ ወደ ውሃ ቧንቧነት የተለወጠው ግን በ1930ዎቹ አጋማሽ በጀርመን ነው። ፖሊኢታይሊንን ሬጂናልድ ጊብሰንና ኤሪክ ፎሴት በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1933 በሌላ ሙከራ መካከል በአጋጣሚ አገኙት። ጠንካራውንና ዛሬ ለውሃ የምንጠቀምበትን ዓይነት በዝቅተኛ ግፊት ለመሥራት መንገድ የከፈተው ካርል ዚግለር ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1953 ነው። በሞቀ ውሃ መስመር የምናውቀው ፒፒአር የተሠራበትን ፖሊፕሮፒሊን በ1954 በማጥናት የታወቀው ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ ነው። ዚግለርና ናታ እ.ኤ.አ. በ1963 የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

እነዚህ ሦስት ቁሶች በአማርኛ በአንድ ቃል «ፕላስቲክ» ወይም «ላስቲክ» ይባላሉ። ችግራችን በከፊል የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ ባሕርያቸው አንድ ይመስላል። በእውነቱ ግን አንዱ ከሌላው ጋር ያለው ርቀት እንጨት ከብረት ካለው ርቀት አያንስም።

ለገጠሩ ፕላስቲክ ያመጣው ነገር ታላቅ ነው። ጥቁሩ የፖሊኢታይሊን ቧንቧ ተጠቅልሎ ይመጣል። የ63 ሚሊሜትሩና 10 ባር የሚችለው 100 ሜትር ጥቅል ወደ 70 ኪሎ ግራም ቢመዝን ነው፤ መኪና ከቆመበት ቦታ ጥቂት ሰዎች ተሸክመው ገደል ይሻገሩበታል። መንገድ ያልደረሰበት ቀበሌ ውሃ ያገኘው በዚህ ነው። በ3 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ የነበረው 500 መጋጠሚያም ወደ 30 ወረደ። ዛሬ በባሕር ዳር የሚገኘው የአማራ ፓይፕ ፋብሪካ የፕላስቲክ ቧንቧ በክልሉ ውስጥ ያመርታል።

የመጋጠሚያው ቁጥር ሲቀንስ ግን የእያንዳንዱ መጋጠሚያ ክብደት ጨመረ፤ ብረቱም ጨርሶ አልወጣም። ምንጩ ላይ ከግንቡ የሚወጣው ቧንቧ ብረት ነው። ከማጠራቀሚያው የሚወጣው ብረት ነው። ሸለቆ የሚሻገረውና ቦኖው ላይ ከመሬት ወጥቶ ለፀሐይ የሚጋለጠው ብረት ነው፤ ፒቪሲ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ስለዚህ በአንድ የጎለበተ ምንጭ መስመር ላይ ብረትና ፕላስቲክ ቢያንስ አራት ጊዜ ይገናኛሉ። በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ዙሪያ ገጠር ስዘዋወር ደጋግሜ ያየሁት እርጥብ መሬት ያለው በእነዚህ ቦታዎች ነው። ከሁሉ የከፋው ቦኖው ሥር ያለው ነው፤ ከብት የሚረግጠውና ጭቃ የሚያቁርበት ቦታ እሱ ነውና።

ለምን አይዋሃዱም?

እዚህ ላይ የታሪክ መምህር ስለ ቁስ ባሕርይ መናገሩን ይቅር በሉኝ፤ ያለዚህ ታሪኩ አይገባም።

አንደኛው ምክንያት ሙጫ ነው። የፒቪሲ ኮላ እንደ እንጨት ኮላ በሁለት ነገሮች መካከል ደርቆ የሚይዝ አይደለም፤ የቧንቧውን ገጽ አሟሙቶ ሁለቱን አንድ አካል ያደርጋቸዋል። ፖሊኢታይሊን ግን በዚህ ኮላ አይሟሟም፤ ቢቀቡት ደርቆ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ፖሊኢታይሊን የሚዋሃደው ከራሱ ዓይነት ጋር ብቻ፣ ወደ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ቀልጦ ነው፤ ፒፒአር ወደ 260 ዲግሪ ይፈልጋል። ሁለቱን አቅልጦ ማጣበቅ አይቻልም። ማቅለጫውም ኤሌክትሪክ ይሻል፤ በአብዛኛው ገጠር ደግሞ ጄኔሬተር ተሸክሞ መሄድ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ቁስ በሚገናኝበት ቦታ ያለው አማራጭ በመካኒክ የሚያዝ ማያያዣ ነው፦ ተጠምዝዞ የሚጠብቅ ኮምፕሬሽን፣ ወይም ለትልልቁ ቧንቧ በብሎንና በዳዶ የሚታሰር ፍላንጅ።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። በእያንዳንዱ የ1 ዲግሪ ለውጥ 1 ሜትር ብረት በ0.012 ሚሊሜትር ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ፖሊኢታይሊን ግን ወደ 0.2 ሚሊሜትር ይደርሳል። ሒሳቡን ወደ ሜዳ እናውጣው። ሠራተኞች ጥቁሩን ቧንቧ በቀትር ፀሐይ ቀጥ አድርገው ዘርግተው ሁለቱን ጫፍ ከብረት ጋር ያስራሉ እንበል። ማታ ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ሲገባበት ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢወርድ፣ 100 ሜትሩ ቧንቧ 40 ሴንቲሜትር ለማጠር ይጎትታል። ብረት ቢሆን ከ2 ሴንቲሜትር ተኩል አይበልጥም ነበር። የሚጎተተው ማን ነው? መጋጠሚያው ነው። ልምድ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ ቧንቧውን ጉድጓዱ ውስጥ እንደ እባብ እያጣመመ የሚዘረጋውና የመጨረሻውን ማሰሪያ በጠዋት ብርድ የሚያጠብቀው ለዚህ ነው። ከደረት ላይ ያስነበበው ደንብ የለም፤ ዕውቀቱ ግን ትክክል ነው።

ሦስተኛው ግፊት ነው። 10 ሜትር ቁልቁለት 1 ባር ግፊት ይፈጥራል። የጎጃም ተዳፋት ላይ ምንጩ ከቦኖው 80 ሜትር ከፍ ብሎ ቢገኝ የሚገርም አይደለም፤ ያ 8 ባር ነው። በ63 ሚሊሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 8 ባር የሚገፋው ኃይል ወደ 250 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ሁለት ኩንታል ተኩል ጤፍ ማለት ነው። በእሳት አለስልሶ ኒፕል ላይ የተጠለቀና ከአሮጌ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በተቆረጠ ጥብጣብ የታሰረ ቧንቧ ይህን ጭነት ሌትና ቀን ተሸክሞ እንዲኖር ነው የምንጠብቀው። ትክክለኛው ማያያዣ በውስጡ ሁለት ነገር አለው፦ ቧንቧውን በጥርሱ ነክሶ የሚይዝ ቀለበትና ውሃውን የሚያግድ የጎማ ቀለበት። አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይለጠጣል። ገበሬው የወገልንና የምራንን ሥራ ያውቃልና ይህን ለማስረዳት ብዙ አይደክምም።

አራተኛው ጥርስ ነው። የብረት ወንዴ ጥርስ ሾጣጣ ስለሆነ ፕላስቲክ ሴቴ ውስጥ ሲጠብቅ እንደ ሽብልቅ ይሠራል። በዕለቱ አያፈስስም፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። በተቃራኒው ፕላስቲኩ ወንዴ፣ ብረቱ ሴቴ ቢሆን የብረቱ ግድግዳ ፕላስቲኩን አቅፎ ይይዘዋል። አንዲት መስመር ደንብ ናት፦ ፕላስቲክ ወደ ብረት ይግባ እንጂ ብረት ወደ ፕላስቲክ አይግባ። ይህን የማያውቅ ሰው የሠራው ቦኖ በምረቃው ዕለት ያማረ ሆኖ ይታያል፤ ጉዳቱ የሚወጣው እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

ማን ይገዛል? ማን ይጠግናል?

አሁን ወደ ተቋማቱ ታሪክ ልሻገር። በ1963 ዓ.ም. አካባቢ የውሃ ሀብት ኮሚሽን ሲቋቋምም ሆነ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ የገጠር ውሃ ሥራ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነበር። ቧንቧው፣ ማያያዣውና ባለሙያው አብረው ይመጡ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ባለሙያውና የተረፈው ማያያዣ አብረው ይመለሱ ነበር። የቀረው ቧንቧው ብቻ ነው። የተለያዩ ለጋሾች የተለያየ ልክና የተለያየ ቁስ አመጡ። በአንድ ወረዳ ውስጥ በኢንች የተለካ ብረት፣ በሚሊሜትር የተለካ ፒቪሲና ሌላ ግፊት የሚችል ፖሊኢታይሊን ጎን ለጎን ተቀበሩ።

በአማራ ክልል ይህን አሠራር የለወጠ አንድ ሙከራ አለ። የኢትዮጵያና የፊንላንድ መንግሥታት ትብብር የሆነው የገጠር ውሃ አቅርቦትና አካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1994 በክልሉ ተጀመረ። በ2003 ደግሞ የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ የሚባለውን አሠራር አስተዋወቀ። በዚህ አሠራር ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በተለምዶ አብቁተ እንለው በነበረው በኩል በቀጥታ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ይደርስ ነበር። ኮሚቴው ራሱ ዕቃ ይገዛል፣ ራሱ ባለሙያ ይቀጥራል፣ ራሱ ሒሳብ ያወራርዳል። ከ2011 ጀምሮ ኮዋሽ በተባለው ፕሮጀክት አሠራሩ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፋ።

ብዙዎች ይህን ለውጥ የሚያነሡት ስለ ገንዘብ አስተዳደር ሲናገሩ ነው። እኔ የማየው በሱቁ ደጃፍ በኩል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመንደሩ ሰው ራሱ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገብቶ ስለ ማያያዣ ዋጋና ዓይነት ጠየቀ። የገዛ ሰው የት እንደሚሸጥ ያውቃል። ሲሰበር ወዴት እንደሚሄድ አይጠፋበትም፤ የገዛውን ዕቃ ከተቀጣሪው ባለሙያ ጋር ቆሞ ሲገጠም አይቷል። ውሃውም ሆነ ስንጥቁ የእሱ ነው።

ጉድለቱም እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። የሚገዛው ሰው ቧንቧው ላይ የታተመውን ጽሑፍ ማንበብ ካልቻለ ርካሹን ይወስዳል። ቧንቧው ላይ የቁሱ ዓይነት፣ የውጭ ስፋቱ፣ የሚችለው ግፊትና የተመረተበት ጊዜ ይታተማል። 6 ባር የሚችለውና 10 ባር የሚችለው ቧንቧ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፤ ውፍረታቸው ግን ይለያያል። የልክ መዛመድም አለ፦ የ25 ሚሊሜትሩ ቧንቧ ከሦስት ሩብ ኢንች፣ የ32ቱ ከ1 ኢንች፣ የ50ው ከ1 ኢንች ተኩል፣ የ63ቱ ከ2 ኢንች ብረት ጋር ይጋጠማል። ብረቱ የሚጠራው በውስጥ ስፋቱ ግምት፣ ፕላስቲኩ የሚጠራው በውጭ ስፋቱ ስለሆነ ቁጥሮቹ በሒሳብ ብቻ አይገናኙም። ይህን ሰንጠረዥ በአማርኛ ጽፎ በየሱቁ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከብዙ የሥልጠና ቀን ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ከእጅ ፓምፑ የምንማረው

ቧንቧ በማይዘረጋበት ሜዳማ ገጠር ውሃ የሚወጣው በእጅ ፓምፕ ነው። በሰፊው የተሠራጨው አፍሪዴቭ የተባለው ፓምፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአፍሪካ የተቀረጸ ነው። የመንደር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው የተሠራው። ከጉድጓዱ ውሃ የሚያወጣው ቧንቧው 63 ሚሊሜትር ፒቪሲ ሲሆን ዘንጎቹ በኮላ ይያያዛሉ። ላይ ያለው የፓምፑ አካል ብረት ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በጥርስም በኮላም አይደለም፤ የጎማ ሾጣጣ ቀለበት ፕላስቲኩን አንቆ ብረቱ ላይ ያንጠለጥለዋል።

የዚህን ንድፍ ብልኅነት አስተውሉ። በኮላ የተያያዘ ነገር አይፈታም። ነዳፊዎቹ ይህን አምነው ተቀበሉና የሚበላሹት ክፍሎች ሁሉ፣ ፒስተኑም ዘንጉም፣ ቧንቧው ሳይነሣ በውስጡ ሽቅብ እንዲወጡ አደረጉ። የማይፈታውን መጋጠሚያ ሰው እንዳይነካው አድርገው፣ የሚፈታውን ደግሞ በአንድ መፍቻ እንዲፈታ አቀለሉት። ከእሱ በፊት የነበረው የሕንድ ማርክ 2 ፓምፕ ግን ከብረት ቧንቧ ጋር ይሠራ ስለነበር፣ ለጥገና ቧንቧውን ዘንግ በዘንግ መፍታት ይጠይቅ ነበር። የመጋጠሚያ አመራረጥ ጥገናውን ከወረዳ ባለሙያ እጅ ወደ መንደር እጅ ያሸጋገረበት ጥሩ ምሳሌ ይህ ነው።

በዚህ ውስጥ ያለው ጉዳይ

ይህ ሁሉ ለምን ያሳስበናል? አንድ ማያያዣ ሲፈነዳ የሚቋረጠው ውሃ ብቻ አይደለም። እናቶችና ልጃገረዶች እንስራውን ወይም ጀሪካኑን ይዘው ወደ ቀድሞው ወንዝ ይመለሳሉ። በአንድ የጠፋ ጎማ ቀለበት ምክንያት ልጅቱ ከትምህርት ገበታዋ ትቀራለች፤ ሕፃኑ ያልተጠበቀ ውሃ ይጠጣል። ኮሚቴው ወርሃዊ መዋጮ መሰብሰብ ያቅተዋል፤ ውሃ ሳይኖር ማን ይከፍላል? መዋጮው ሲቆም ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አይኖርም። አንድ መጋጠሚያ ተቋሙን ሁሉ ይዞት ይወድቃል።

ጉዳዩ ከመንገድ ጋር ያለው ቁርኝትም አልተቋረጠም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በቀጠለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዕቃ ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም አይደርስም። እንዲህ ባለ ጊዜ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ማያያዣ ከአንድ ጥቅል ቧንቧ ትበልጣለች። በቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተማዋን እያሰፋት ነው፤ የከተማ መስፋፋት ማለት አዲስ የፕላስቲክ መስመር ከአሮጌው መረብ ጋር መጋጠም ማለት ነው። ጥያቄው ከገጠር አልፎ ወደ ከተማ መጥቷል።

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። የመጀመሪያው ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ነው። እያንዳንዱ የውሃ መስመር የመጋጠሚያ መዝገብ ይኑረው፤ ብረትና ፕላስቲክ የት እንደሚገናኙ፣ ልኩ ስንት እንደሆነ፣ ማን መቼ እንደገጠመው ይጻፍ። ከመሬት በላይ በድንጋይ ምልክት ይደረግበት። የሚቆፍረው ሰው መስመሩን ሁሉ እንዳያምስ ይረዳዋል።

ሁለተኛው ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ነው። ተማሪዎቻችሁ ቁሶችን በስማቸው እንዲለዩ አስተምሯቸው፤ «ላስቲክ» የሚለው አንድ ቃል አይብቃቸው። የወንዴና የሴቴውን ደንብ፣ የቀትሩንና የጠዋቱን ልዩነት፣ የኩንታሉን ሒሳብ በሚያውቁት የእርሻ ዕቃ እያመሳሰላችሁ አሳዩአቸው።

ሦስተኛው ለእኛ ለታሪክ ሰዎች ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በደምበጫና በየገጠር ከተማው ከብረቱ ዘመን ጀምሮ የሠሩ አንጋፋ ቧንቧ ሠራተኞች አሉ። የትኛው ሠፈር በየትኛው ዘመን በምን ቧንቧ እንደተዘረጋ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰነድ ቤት የለም። ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲቸግራቸው ወደ እነዚህ አባቶች ይሂዱ፤ ቁጭ ብለው ይጠይቋቸው፣ ድምፃቸውን ይቅረጹ፣ ከመሬት የወጣውን አሮጌ ማያያዣም እንደ ብራና አክብረው ይሰብስቡ።